በግ የጫነችው ስቴሽን ዋገን

እንግዳ የሚሉት ሰው አርባ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ መጫወቻ የሚባል ነገር በእጁ ይዞ አያውቅም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑለት አይደለም፤ በኋላ ለመጣበት ጣጣ ሰበብ እንዲሆነው ነው። በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሻማ ሊገዛ ከቤቱ ወጥቶ፣ ሀና ማርያም መንገድ ዳር ከአንድ ሱቅ በደረቴ ዘንድ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቀይ የብረት መኪና አየ። ስቴሽን ዋገን ናት። መኪናዋን ገዝቶ ገባ፤ ሻማውን ረሳው።

እንግዳ ላፍቶ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመኪና ስምሪት ሠራተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱ ያለው ግን አንድ ነጭ ስቴሽን ዋገን ብቻ ነው። ስምሪት ማለት እንግዲህ በመስኮት ሆኖ ያቺ መኪና ስትወጣ ማየት፣ ስትገባ ማየት፣ መካከሉን ደግሞ አለማየት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲያያት ስለኖረ ትንሿን መኪና እሷን ሊያስመስላት ተነሳ። ቀዩን ቀለም በምላጭ ፈቀፈቀና ከቢሮ ባመጣው የታይፕ ስህተት መሸፈኛ ፍሉድ ነጭ ቀባት። ከስቴፕለር ሽቦ የጣሪያ ዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ፣ ከነጠላ ጫማ ጎማ ደግሞ የጭቃ መከላከያ ሠራላት። ታርጋዋን በመርፌ ጫፍ ጻፈ። ሾፌሩ ቀጄላ ከግንብ ጋር ያጋጨው የኋላ በር እንኳ አልቀረም፤ በሚስማር መታ አድርጎ አጎደጎደው።

ጨረስኩ ብሎ ራቅ አድርጎ ሲያያት ግን አንድ ነገር ጎደላት። እሱ የሚያውቃት መኪና ከመስክ ስትመለስ ጣሪያዋ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ጣት የሚያካክሉ ሦስት ማዳበሪያዎች ሰፍቶ እውነተኛ ጤፍ ሞላባቸው። ከጥጥና ከክብሪት እንጨት አንድ በግ ሠርቶም በክር ጠፍሮ አሰረው።

«የሰው ባል ቤት ይሠራል፣ የኔው በግ ይሠራል» አለች ሚስቱ ፀሐይወርቅ። ቀረብ ብላ ስታይ ደግሞ ደነገጠች። «አንተ! ይሄ ያኔ ያወራህልኝ የአለቃህ የአቶ ኢያቄም የፋሲካ በግ አይደለም እንዴ?»

«መኪናዋ ላይ ስለነበረ ነው የሠራሁት።»

እግዚአብሔር ያያል፣ ክፋት አላሰበም። ክፋት ማሰብ ቢያውቅበት ኖሮማ ይሄኔ የክፍል ኃላፊ ነበር።

ጥፋቱ የኋላ መብራቷን ከእውነተኛዋ ጋር አስተያያለሁ ብሎ ቢሮ ይዟት መሄዱ ነው። ወሩ ሰኔ ነው፤ የግምገማ ወር። ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰው ይቀነሳል ተብሎ ሁሉም በራሱ ፈንታ የሚቀነስ ሰው ይፈልግ ነበር። የንብረት ክፍሉ አስረስ የእንግዳ ጠረጴዛ አጠገብ ሲያልፍ መኪናዋን አየ፤ አንስቶም አሸተታት። የፍሉድ ሽታ!

በግምገማው ቀን መኪናዋ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች።

«ይኸው!» አለ አስረስ። «በመንግሥት ፍሉድ፣ በመንግሥት ሽቦ! ይህ ሰው ካልተቀነሰ ማን ሊቀነስ ነው?»

እንግዳ ሁለት ልጆች አሉት፤ የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው። መኪና ስትወጣና ስትገባ ከማየት በቀር ሙያ የለውም፤ ለዚህ ደግሞ ሌላ ማን ይቀጥረዋል? ፈራ፤ በጣም ፈራ።

ሰብሳቢው አቶ ኢያቄም መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ፍሉዱን አዩ፤ ሽቦውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ዝም ቢሉ ምን ነበረበት! ግን አለቃ ናቸውና ጠየቁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በግ ነው ጌታዬ።»

«በግ መሆኑንማ አየሁ! የምን በግ?»

እንግዳ ሲፈራ መዋሸት አይችልም። «የፋሲካው ነው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በበሩ ሲገባ አይቼው ነው። ከተሳሳትኩ አስተካክላለሁ።»

አዳራሹን በሙሉ ድንገት ሳል ያዘው። የአቶ ኢያቄም ፊት በርበሬ መሰለ።

«ይሄ ስም ማጥፋት ነው! ይህቺ የኛ መኪና አይደለችም!»

አስረስ ሊያግዛቸው ፈልጎ፣ «ታርጋዋ ግን የኛው ነው፤ በመንግሥት ንብረት መቀለድም ተጨማሪ ጥፋት ነው» አለ።

«ታርጋውን ተወው አንተ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። «የኛ መኪና ያን ቀን የጫነችው ሁለት በግ ነው!»

ሳሉ ቆመ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ታይፒስቷ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ከሰው ጋር ክፉ ተነጋግራ የማታውቅ ሴት፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«ሁለት በግ ብዬ ልጻፈው?»

«አይጻፍ!»

ያ ካልተጻፈ ደግሞ ክርክሩ ትርጉም የለውም፤ ክርክሩ ካልተጻፈ ቃለ ጉባኤ የለም፤ ያለ ቃለ ጉባኤ ሰው አይቀነስም። የእንግዳ ጉዳይ በይደር ተያዘ፤ እዚያው ይደር ላይም ቀረ። እንግዳ መኪናዋን ኪሱ ከትቶ ደስ ብሎት ቤቱ ገባ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነው፤ ሁለተኛው በግ እንዴት አመለጠው?

በሐምሌ ውስጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በግምገማው የታዩ ድክመቶችን ለማረም ሲባል፣ በመንግሥት መኪና ጣሪያ ላይ ማናቸውንም ነገር መጫን በጥብቅ ተከለከለ። ፖርቶ መጋላው ተፈታ። የኋላው ወንበር ተነቀለ። ለመስኮቶቹ ወፍራም መጋረጃ ተገዛ። አቶ ኢያቄም በስብሰባ ላይ ግምገማው ፍሬ አፍርቷል አሉና ተጨበጨበላቸው፤ እንግዳም አጨበጨበ።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መኪናዋ ከመስክ ተመልሳ የእንግዳ መስኮት ሥር ቆመች። ጣሪያዋ ንጹሕ፣ መጋረጃዋ የተዘጋ። ቀጄላ በስምሪት ወረቀቱ ላይ ማኅተም ሊያስመታ ገባ። የጉዞው ምክንያት፣ «ለመስክ ሥራ» ይላል።

ከመጋረጃው ኋላ በግ ጮኸ። ሌላው መለሰለት። ሦስተኛው ተከተለ።

ቀጄላ ወለል ወለሉን ያያል። እንግዳ ወደ መስኮቱ ዞር አላለም። ማኅተሙን አነሳ፣ እፍ እፍ አለበት፣ መታው።