ዐሥራ አንደኛው ኳስ

ሦስት የተማርን ሰዎች አንድ የሽቦ ቅርጫት ረሳን። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ቅርጫቱ የቃል ፈተና ዕጣ ማውጫ ነው። ተማሪው ሁለት ጊዜ እጀታውን ያሽከረክራል፣ በየጊዜው ቁጥር ያለው የእንጨት ኳስ ዱብ ይላል፣ በዚያ ቁጥር ያለውን ምዕራፍ ሦስት ፈታኞች ፊት ያስረዳል። እኛ አገር፣ አርጀንቲና፣ አባቶቻችንም የተፈተኑት እንዲሁ ነው።

ወታደሮች ሥልጣን ይዘው በዩኒቨርሲቲያችን አዲስ ዲን ሾሙብን። ዲኑም ከእርሻ ኢኮኖሚ ትምህርት ዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ እንዲሰረዝ አዘዘ። ርዕሱ "የመሬት ይዞታ" ነው፤ መሬቱ የማን ነው፣ ማን ያርሰዋል፣ ምርቱ ወዴት ይሄዳል። የምዕራፉ መምህር እኔ ነበርኩ፣ ኦፌሊያ ብሬሳን። የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ጎዬኔቼ፣ ጡረታ የደረሱ ሽማግሌ፣ ትእዛዙን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሰርዢው፤ ቁጥሮቹን ግን እንዳትነኪ" አሉኝ። "ከዐሥር ወደ ዐሥራ ሁለት ይዝለል። ያየ ይየው።"

ሽማግሌው በዚያች ክፍተት ምን ያህል እንደኮሩ! ለእርሳቸው የመምህር ነጻነት ያ ነበር፤ የተወሰደብህ ነገር ቦታው ባዶ መሆኑን ማሳየት። እኔ በባዶ ቦታ የምጠግብ ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ተማሪዎች ቤቴ እየጠራሁ፣ መጋረጃዬን ዘግቼ፣ ማቴ የሚባለውን የአገራችንን ሻይ በአንድ ቅል እየተቀባበልን፣ የተሰረዘውን ምዕራፍ ሙሉውን አስተማርኳቸው። ጎዬኔቼ ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ልጆቹን ታስጨርሻቸዋለሽ!"

"አስተማሪ ካላስተማረ ምን ሊሆን ነው፣ ዶክተር?"

"በሕይወት ይኖራላ!"

እውነታቸውን ነው። በሐምሌ የአፈር ላቦራቶሪው መምህር ከቤቱ ተወስዶ ቀርቷል። ማን ወሰደው ብሎ የጠየቀ የለም። ስሙ ከቢሮው በር ላይ ተፍቆ አየሁት። ከዚያ ወዲህ መኪና ቤቴ አጠገብ ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር መብራቴን አጠፋ ነበር። ግን ቅዳሜ ሲመጣ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ እልኸኛ ስለሆንኩ ነው።

የታኅሣሥ ፈተና ደረሰ። ከጎዬኔቼና ከእኔ ጋር ሦስተኛው ፈታኝ ኢንጂነር ሉዱዌኛ ነው፤ ዲኑ ይዞት የመጣ፣ ጸጉሩን በቅባት የሚለጥፍ፣ ሁሉን ሰው በፈገግታ የሚያነጋግር። "ነጻነትማ ሞልቷል" ይላል ሁልጊዜ። "ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን እንደፈለጋችሁ አስተምሩ። ማን ከለከላችሁ?" በሬም እኮ በረቱ ውስጥ እንደፈለገ ይዞራል።

ኤልቪዮ ሮት ገባ። ከቅዳሜ ተማሪዎቼ አንደኛው፣ ከወንዙ ማዶ የመጣ የገበሬ ልጅ። ቤቴ ሲመጣ አኃዞቼን እያረመ የሚያናድደኝ እሱ ነበር። ይህ የመጨረሻ ፈተናው ነው፤ ካለፈ ተመረቀ። የመጀመሪያው ኳስ ስለ እህል ዋጋ ወጣለትና እንደ ውኃ አንበለበለው። ሁለተኛውን አሽከረከረ። ኳሱን አንስቶ ሁለት ጊዜ አየው።

"ዐሥራ አንድ" አለ።

ምዕራፉን ከወረቀት ሰርዘናል። ኳሱን ከቅርጫቱ ማውጣት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም!

"ስህተት ነው፤ የተሰረዘ ምዕራፍ ነው" አሉ ጎዬኔቼ። "ሌላ አውጣ፣ ልጄ።"

ሉዱዌኛ መዳፉን ቅርጫቱ ላይ ጣል አደረገ። "ቆይ እንጂ፣ ዶክተር። ዕጣ ዕጣ ነው። እስቲ ይህ ጎበዝ የሚያውቀውን ያሰማን።"

ወጥመዱ ወዲያው ገባኝ። ምዕራፉ የተሰረዘው እነኤልቪዮ ትምህርቱን ሳይጀምሩ ነው። ካወቀው፣ ያስተማረው ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ከእኔ ጋር ደግሞ እሱና ጓደኞቹ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼ እንዲያውቁ የለመንኩ ሴት፣ በዚያች ሰዓት አምላኬን "ይህ ልጅ ደንቆሮ ይሁንልኝ" ብዬ ለመንኩት።

"የመሬት ይዞታ ምንድን ነው?"

"አላውቅም፣ ኢንጂነር።"

"ትንሽ እንኳ?"

"ምንም።"

"አባትህ ምን ይሠራል?"

"ገበሬ ነው። ተልባ ይዘራል።"

"በገዛ መሬቱ?"

ኤልቪዮ ኳሱን በእጁ አገላበጠ። በዚህ ጥያቄ ቤቴ ውስጥ ጠረጴዛ ደብድቧል። ባለመሬቱ ዋና ከተማ ተቀምጦ ከአባቱ ማሳ ምን ያህል እንደሚወስድ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ፣ በየትኛው ውል፣ ሁሉንም በቃሉ ይወጣዋል። ደሙ ፊቱ ላይ ሲወጣ አየሁ። ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ ይባላል፤ ዋጠው፣ ልጄ፣ ዋጠው አልኩ በሆዴ።

"ጠይቄው አላውቅም" አለ።

ሉዱዌኛ ሳቀ። "አባቱ የሚያርሰው መሬት የማን እንደሆነ የማያውቅ የእርሻ ምሩቅ! ሞኝ ነህ ወይስ እኛን ሞኝ እያደረግኸን ነው?"

"ሞኝ ነኝ፣ ኢንጂነር።"

"ይሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትውለው?"

ቅዳሜን ያውቃል! ጎዬኔቼ ጠረጴዛው ሥር ክንዴን ጨመቁኝ።

"ኳስ እጫወታለሁ፤ ወንዙ ዳር።"

"ቦታህስ?"

"በረኛ ነኝ።"

"ብዙ ይገባብሃል?"

"እግዜር ይመስገን፣ እስካሁን አልገባብኝም።"

ተራ የሚጠብቁት ተማሪዎች ከኋላ ሳቁ፤ ሉዱዌኛ ዞር ሲል ጸጥ አሉ።

"ውጤት እንስጥ" አለ። "የእኔ አንድ ነው። ወድቋል።"

ማለፊያው ከዐሥር አራት ነው፤ ከሦስታችን ሁለቱ ካሳለፉት ያልፋል። ጎዬኔቼ ተነሡ፤ እንዲህ ቆመው አይቻቸው አላውቅም። "የእኔ ስድስት! በሌለ ምዕራፍ ተማሪ አይጣልም። የመጀመሪያውን አጥርቶ መልሷል!"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ልጁ ማለፉም መውደቁም የእኔ ቃል ላይ ቀረ። ባሳልፈው ይመረቃል። ግን "አላውቅም፣ አላውቅም" ብሎ የቆመን ተማሪ ለምን አዘንሽለት ይለኛል ሉዱዌኛ። ፈገግ ብሎ፣ ብዕሩን ይዞ፣ አፌን አፌን እያየ እየጠበቀኝ ነበር። ያን "ለምን" ተከትሎ ቤቴ ይደርሳል፤ ከቤቴ ደግሞ የልጆቹ ቤት። ብጥለውስ? የልፋቱ ዋጋ ይኼ ነው?

"ዶክተር ብሬሳን" አለ ኤልቪዮ። ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። "አላጠናሁም። እባክዎን ይጣሉኝ።"

ሲለምነኝ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። የተንቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ።

"ሁለት" አልኩ። "ወድቀሃል።"

ጎዬኔቼ እንደ ከዳተኛ አዩኝ። ቆይቶ ገባቸው መሰለኝ፣ ተቀምጠው ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ሉዱዌኛ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። "አያችሁ? ያልተማሩትን አያውቁም። ፕሮግራሙ ተከብሯል ማለት ነው" አለ፤ ቅር እንዳለው ግን ያስታውቅ ነበር።

"በመጋቢት ተመልሼ እፈተናለሁ፣ ዶክተር" አለኝ ኤልቪዮ በሩ ላይ።

"ያኔ እንኳ አጥንተህ ና! ሰነፍ!" ብዬ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮኽኩበት።

"እሺ፣ ዶክተር" አለና ወጣ።

ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ጓደኞቹ ግቢው ውስጥ እንቁላልና ዱቄት ይዘው ይጠብቁታል፤ እኛ ዘንድ የመጨረሻ ፈተናውን ያለፈ ሰው በእንቁላልና በዱቄት ሳይለወስ ቤቱ አይገባም። አላለፍኩም በሚል ራሱን ነቀነቀላቸው። አንዷ አቀፈችው። ከዚያ ወደ ግቢው በር ሄደ። ዘበኛው ወታደር መታወቂያውን ተቀብሎ አየ፣ ልጁን አየ፣ ገልብጦ እንደገና መታወቂያውን አየ። መለሰለት። ኤልቪዮ መንገዱን ተሻግሮ፣ ማንም ሳይከተለው፣ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ሄደ።

ስንቱን ተማሪ አሳልፌ ደስ ብሎኛል። ተማሪ ጥዬ በደስታ ያለቀስኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።