በነጭ ጨርቅ ላይ የተቀመጠች ወይራ

በሰፈሩ ውስጥ «ሲስተር» ከተባለ የትኛዋ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ተቀቅለው በሚታሸጉበት ክፍል በኃላፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከዚያ ክፍል ወደ ቤታቸው ይዘውት የመጡት ነገር ቢኖር ለቆሻሻ ያላቸው ጥላቻ ነው። የበር እጀታ በክርናቸው ይከፍታሉ፤ እንግዳ ከወንበር ሲነሣ ጨርቅ ይዘው ከኋላው ይደርሳሉ።

እንግዲህ ታላቅ ወንድማቸው፣ ሰዓት ሠሪው፣ ደረጃ ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው በተሰበረ ጊዜ፣ ቦንሳይ የሚሉትን ድንክ ዛፍ አደራ የሰጡት ለእኚህ ሴት ነው። ስንዝር ተኩል የምትሆን ወይራ ናት። ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰዓት ሠሪ እንደ ሣህን በተዘረጋ ሸክላ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት አሳድገዋታል።

«ሌላ ምንም አልጠይቅሽም፣ እቴ» አሉ ማገገሚያ ማዕከል ውስጥ አልጋ ላይ ተጋድመው። «ቆሜ እስክመጣ እሷን ብቻ ጠብቂልኝ።»

«ዛፍ መጠበቅ ምን ያቅታል፣ ጋሼ። ስንት ሰው ጠብቄ የለ።»

ዛፏ ግን ገና ከበሩ ስትገባ ሲስተር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከግንዷ ሥር ሻጋታ የመሰለ አረንጓዴ ነገር ተነጥፏል። ቅርንጫፎቿ በሽቦ ተጠምዝዘው የተሰበረ ጣት መስለዋል። ማዳበሪያው የዓሣ ጠረን አለው። በማግስቱ ጥቃቅን ትንኞች ከአፈሩ ብድግ ብለው በሻይ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ አረፉ። ሲስተር ሻዩን ደፉት፤ ብርጭቆውንም ቀቀሉት።

ከዚያ በሚያውቁት መንገድ ሥራ ጀመሩ። አረንጓዴውን ነገር በጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው አወጡት። ቅጠሎቿን አንድ በአንድ በጥጥ ወለወሉ። ጠረኑ ይታጠብ ብለው በየማለዳው አንድ ጣሳ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ያፈሱባት ጀመር። ውሃው ግን ከሸክላው ሥር ባለው ቀዳዳ ጭቃ ሆኖ እየወረደ የተቀመጠችበትን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አበላሸው። ሲስተር ጊዜ አላጠፉም። ሸክላውን ከፍ አድርገው ቀዳዳውን በቁስል ፕላስተር፣ ያውም በድርቡ፣ ግጥም አድርገው ለጠፉት። ጨርቁ ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላየም፤ እሳቸውም በሥራቸው ረኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሎቿ ቢጫ እየሆኑ ይረግፉ ጀመር። ጠረኑም ተለወጠ። የዓሣው ቀርቶ፣ ሳይፈታ የሰነበተ ፋሻ ጠረን ሆነ። ይህን ጠረን ሲስተር በሚገባ ያውቁታል።

ወንድማቸው በየቀኑ ይደውላሉ።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«ዛሬ በክራንች ስምንት እርምጃ ሄድኩ። አስታማሚዋ ምን አስቸኮለዎት ብትለኝ፣ ቤት የምትጠብቀኝ አለች አልኳት። ሚስት መስሏት አፈረች።»

ሲስተር ለመሳቅ ሞከሩ። ስልኩን ዘግተው እጃቸውን ታጠቡ። ያልተቀቀለ መሣሪያ ተቀቅሏል ብላ የፈረመችን ነርስ በዕለቱ ከክፍላቸው ያባረሩ ሴት፣ ይኸው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ «ደህና ናት» እያሉ ፈርመዋል። ከትንኙም ከጠረኑም ይልቅ የቀፈፋቸው ይህ የገዛ አንደበታቸው ነበር።

ሰዓት ሠሪው ቅዳሜ ከማገገሚያው እንደሚወጡ በዚያው ቀን ተነገራቸው። በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሲስተር የጎረቤቱን አትክልተኛ ጠሩት። ሰውየው ሸክላውን አዘንብሎ ፕላስተሩን አየ፤ ቀና ብሎም እሳቸውን አየ።

«ሲስተር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያፈስ ነበር።»

«እንዲያፈስ እኮ ነው የተበሳው። ረግረግ ውስጥ ከትተዋት ሥሯ በስብሷል።»

«ትድናለች?»

«የበሰበሰውን ቆርጦ፣ የተረፈውን በደረቅ አፈር መትከል ነው። ከተረፈ።»

ሲስተር ጓንት አጠለቁ። አትክልተኛው ራሱን ነቀነቀ።

«በጓንት አይሆንም። ለዓይን ሁሉም አንድ ነው። ደህናው ሲጫኑት ይጠነክራል፤ የሞተው ልጡ ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ጣት ነው የሚለየው።»

«እንግዲያስ አንተ ዳስሰው።»

መዳፉን ዘረጋላቸው። በዶማ እጀታ እንደ ጫማ ሶል ደድሯል። «በዚህ? እኔ ስሱን ሥር እበጥሰው እንደሆን እንጂ አልለየውም። ከፈለጉ ሌላ ወይራ ከችግኝ ጣቢያ አምጥቼ አስመስዬ ልቁረጥልዎ። ወንድምዎ እንደሆኑ ዓይናቸው ደክሟል።»

ሲስተር ለአንዲት አፍታ ሐሳቡ መልካም መስሎ ስለታያቸው ራሳቸውን ተጸየፉ።

ጓንቱን አወለቁ።

የአፈሩ ጓል ከሸክላው ሲላቀቅ ጥቁር ውሃ ተንጠባጠበ። ጣታቸውን ከተቱ። ቀዝቃዛ፣ እንደ ንፍጥ የሚያሟልጭ ነገር ከጥፍራቸው ሥር ገባ። ነጭ ትል በአውራ ጣታቸው ላይ ተጠቅልሎ ተዘረጋ። ጣታቸውን ግን አላወጡም። «ይኸኛው ሞቷል» ይላሉ፤ አትክልተኛው ይቆርጣል። «ይኸኛውም።» ከመቶ የማያንስ ሥር ዳስሰው ጠንካራ ሆኖ ያገኙት ዘጠኙን ብቻ ነው።

ሰውየው ዛፏን በአዲስ አፈር ተክሎ፣ ጥቂት ውሃ አጠጥቶ እንደ ሄደ፣ ሲስተር ስልክ አነሡ።

«ጋሼ፣ ደህና አይደለችም። አሥራ አንድ ቀን ዋሸሁህ።» ከዚያም ምንም ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

«ፕላስተር» አሉ ሰዓት ሠሪው።

«ድርብ።»

«እኔን ያስታመምሽኝ ዕለት ቀኔ አልቋል ማለት ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ሰለለ። «አሥራ አራት ዓመት እኮ ነው፣ እቴ።»

«አውቃለሁ።»

«በባዶ እጅሽ ነካሻት?»

«በባዶ እጄ።»

«አፈሩ ትል አልነበረውም?»

«ትሉን አታንሣብኝ።»

ሰዓት ሠሪው በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲህ ከሞተችም አብረን እናያታለን። እስከዚያ በዘፈቀደ ውሃ አትስጪያት። በየማለዳው ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብተሽ አፈሩን እዪ። ከመጣሁ በኋላም የምታዪው አንቺ ነሽ፤ እኔ ገና መጎንበስ አልችልም።»

ዓርብ ማለዳ ሲስተር ከወይራዋ ፊት ተቀመጡ። የቀሯት ቅጠሎች ሦስት ናቸው። ከንፈራቸውን አጣምመው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ጣታቸውን ወደ አፈሩ ሰደዱ። እርጥብ ነበር። በጣሳ የያዙትን ውሃ መታጠቢያው ውስጥ ደፍተው፣ ነገም ከነገ ወዲያም ይህንኑ እንደሚያደርጉ እያወቁ፣ ያቺን ጣት ሦስት ጊዜ በሳሙና በምሬት አጠቧት።