የሽርጤ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ

እማዬ፣ ሳታውቂ የሳቅሽው ሳቅ ካውንት ያደርጋል? አለችኝ ሐሴት ያኔ፣ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ አባቴ አገር ቤት ማረፉን ሰው ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ ሳላውቅ ፋሲካን ውዬ፣ በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ከት ብዬ ስቄ፣ በማግስቱ ማለዳ በር ተንኳኳ፣ ከፈትኩ፣ እትዬ የወርቅውሃ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ነጠላቸውን ለለቅሶ ዘቅዝቀው ደጃፌ ላይ ቆመዋል፣ ነጠላው ነገረኝ። ለልጅቷ ግን ምን ብዬ ልመልስ፣ ቁርስሽን ብዪ አልኳት። ዛሬ ይሄ ምን አመጣው፣ እኔ እንጃ፣ አውቃለሁ እንጂ፣ ስልኩ ነው፣ የሽርጤ ኪስ ውስጥ እንደገና ይንቀጠቀጣል፣ ጨርቅ ውስጥ እንደገባ ጥንዚዛ።

ማነው? ትለኛለች ቤት ተጋሪዬ ኮንስዌሎ ከጠረጴዛው ማዶ። ማስታወቂያ ነው፣ ተያቸው እላታለሁ።

ዋሸሁ። በገዛ ስልኳ። ራሷ ናት ትናንት የሰጠችኝ፣ ነገ ፈተናዬን እስክጨርስ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፣ አእምሮዬን ይበላዋል ብላ፣ ነገ ጠዋት ሳን ሆዜ፣ የሆስፒታል አስተርጓሚነት ፈተና፣ ስፓኒሹን ወደ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውን ወደ ስፓኒሽ፣ ካለፈች ፓሎ አልቶ ሥራ አለ፣ ኩፐርቲኖ የሰው ቢሮ መጥረግ ቀረ ማለት ነው፣ ከወደቀች ደግሞ ሌላ ዓመት። ይቺን የኦክላንድ ቤት ተካፍለን ስንኖር በእንግሊዝኛ ያልታገለችበት ምሽት የለም፣ ድስት እያማሰለች፣ ልብስ እያጠፈች።

ምሳ አካባቢ ነው ያነሳሁት። ራሞን፣ ወንድሟ፣ ከኤል ሳልቫዶር፣ ደጋግሞ ሲደውል ጊዜ። እንግሊዝኛው ከኔም ይብሳል። ሚስ፣ ማማ ዳይ፣ ቱሞሮው ቤሪ፣ ቴን ኦክሎክ፣ ቴል ኮንስዌሎ፣ እናታቸው ሞታለች፣ ነገ ትቀበራለች፣ ንገሪያት ነው የሚለኝ፣ ከዚያ ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁ፣ እኔ በአማርኛ እሺ እሺ እለዋለሁ፣ አይዞህ እለዋለሁ፣ እሺ ብዬ ዘጋሁት። ምኑን ነው እሺ ያልኩት? በፈረንጅ ሰዓት የነሱ የጠዋት አሥር እኛ ጋ ዘጠኝ ነው። ልክ ፈተናው ሲጀመር።

ቀጥዪ፣ ትለኛለች፣ ካርዱን አንሺ። አነሳለሁ፣ ፊደል በፊደል ነው የማነበው፣ ዲ፣ ዲቴ፣ ዲቴሪዮሬት፣ ውይ ይሄማ የኛው የስፓኒሹ ነው ትላለች፣ ዲቴሪዮራር፣ መባባስ፣ ሌላ። ትልልቁ ቃል ለሷ ዘመድ ነው፣ እኔን ምላሴን የሚያስረኝን እሷ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፣ የሚጥሏት ትንንሾቹ ናቸው፣ ፑል ስሩ፣ ሃንግ ኢን ዜር፣ ቱች ኤንድ ጎ። እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ፣ ሲገጣጠሙ ግን አንዳቸውም አያውቁኝም ትላለች፣ ሐኪሞቹ ደግሞ ሰው ሊሞት ሲል ነው እንዲህ የሚያወሩት፣ ይተርፋል፣ በርታ፣ በቋፍ ላይ ነው ለማለት፣ በትንንሽ ቃል።

ሌላ ካርድ። ብሬክ ዘ ኒውስ።

መርዶ! ትላለች እጇን አጨብጭባ፣ ቃሉን ከኔ ነው የተማረችው፣ ዳር ላ ማላ ኖቲሲያ፣ ተመልከቺ እንግዲህ፣ እነሱ ዜናውን ይሰብሩታል፣ እናንተ ትደብቁታላችሁ፣ እኛ ደግሞ መንደሩ እስኪነቃ እንጮሃለን፣ ትስቃለች፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ፣ እኔም እስቃለሁ፣ የፊቴ ቆዳ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ካለፍኩ መጀመሪያ የምደውለው ለማማ ነው ትላለች፣ ሻማ አብርታልኛለች እኮ።

እመቤቴ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ እትዬ የወርቅውሃ ጋ እደውላለሁ። አንቺ ልጅ ጤና የለሽም? ሰው ሳይሰበሰብ፣ ፀሐይ ጥልቅ ስትል ይነገራል እንዴ? ሌሊቱን ምን ልትሆኚላት ነው? እኔስ ፈርቼ ነው እትዬ፣ ቀብሩ ነገ ነው። ቀብሩማ ያለሷም ይፈጸማል፣ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ትብላ፣ ትጠጣ፣ ቅዳሜ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን፣ አንቺንስ እንዲያ አይደል ያደረግንሽ፣ ምን ሆንሽ? አዎ፣ ምን ሆንኩ። ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ።

ምን ሆንኩ?

ስወጣ ሐሴት ፍሪጅ ከፍታ ቆማለች፣ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ደረሰብኝ። ማም፣ ዩር ፖኬት ኢዝ በዚንግ፣ ኪስሽ ይጮኻል ትለኛለች በሹክሹክታ። ዝም በይ። በት ኢትስ ሃር ፎን፣ የሷ ስልክ እኮ ነው። ዝም በይ አልኩሽ፣ ወተቱን መልሺ። ኪሴን ታያለች፣ ኮንስዌሎን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ዓይኗ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ያየችኝ ዓይን ነው፣ መልሱን እስካሁን ይዘሽ ትዞሪያለሽ ወይ የሚል። ባቡሩ፣ ባርት፣ ከላይ ያልፋል፣ ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፣ ኪሴም አብሮ፣ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

ያኔ ኮንስዌሎም ታውቅ ነበር። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነው የነገረችኝ፣ ሴቶቹ አስምለዋት፣ ዶሮውን እየሳቅሽ ስታቀርቢልኝ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ አለችኝ፣ አልወረደም፣ እስከ ዛሬ። በኛ አገር ሬሳው ሳይወጣ ነው ሰው የሚጠራው አለችኝ። ያን ቀን ተቀይሜያት ነበር፣ ደግ ነገር የተደረገልኝን አጣጣለችብኝ ብዬ። ደግ ነገር ነበር እኮ። አሁንም እላለሁ፣ ደግ ነገር ነበር። አሁን እኔ በተራዬ ደግ ሆኜ ተቀምጬ፣ ካርድ እያነሳሁ፣ ስትስቅ እያየኋት፣ ሳቁ ይቆጠራል ልጄ፣ ይቆጠራል፣ ግን በሚስቀው ላይ አይደለም፣ በሚያየው ላይ ነው።

አንቺ ማርያም፣ ካንቺ ማንም አልደበቀም። መስቀሉ ሥር ቆመሽ አየሽ። ማን ነው ኮንስዌሎን አትችልም ያለው፣ እኔ ነኝ?

በቃ ደከመኝ፣ ትላለች ኮንስዌሎ፣ ካርዶቹን ትሰበስባለች፣ ትስመኛለች፣ ጸልዪልኝ። እጸልያለሁ። አሁን አልነግራትም፣ ማታ አይነገርም፣ እሱን ከውስጤ ማውጣት አልችልም፣ ትተኛ፣ የመጨረሻዋን እንቅልፍ የእናት ልጅ ሆና ትተኛ። ቅዳሜ ግን አይሆንም። ለፈተናው ትሂድ፣ ወይ ቀርታ ቀብሩን በስልክ ትከታተል፣ እሱን እሷ ትወስን፣ የሷ እናት ናት። ስልኩን ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ።

ነጋ። ጎህ ሲቀድ ለራሞን መልሼ ደወልኩና ዌይት አልኩት፣ ዌይት፣ ሺ ካም፣ ጠብቃት፣ አሁን ስልኩ ጋ ትመጣለች ለማለት። ለእትዬ የወርቅውሃ አልደወልኩም። ነጠላዬን አወጣሁ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ዘቅዝቄ ለበስኩ፣ ብቻዬን፣ ሰው ሳልሰበስብ፣ በሯን አንኳኳሁ። ጸጉሯን ግማሽ ጎንጉና፣ ማበጠሪያውን በጥርሷ ይዛ፣ አንድ ካርድ በእጇ፣ እየሳቀች ከፈተች። ነጠላውን አየች። ማበጠሪያው ወደቀ። ስልኩን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት።