ካስኩ

"ወንበሩ ዛሬም ባዶ ከዋለ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ" አለቻት አሠሪዋ።

ፀጉር ሠሪዋ ፎጣ ማጠፏን አላቋረጠችም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባሏ ራሱን ካጠፋ ሁለት ወር አልሞላም። ወደ ሥራ ከተመለሰች ስድስት ቀን ሆናት፤ ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ግን የለም። ደንበኞቿ ሌሎቹ ፀጉር ሠሪዎች ጋ ወረፋ ይይዛሉ፤ በመስታወቱ ዓይኗ ሲያርፍባቸው ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። መኪና ገጭቶት ቢሆን አንገቷን አቅፈው ያለቅሱላት ነበር። አሁን ግን እንባም ሰሰቱባት። አሠሪዋ ደግሞ "እሱን እንዳታነሱባት" ብላ ሁሉንም አስጠንቅቃለች። ይህን ደግነት ትለዋለች።

ከሰዓት በኋላ የቆዩ ደንበኛዋ፣ የሰፈሩ መምህር ሚስት፣ ገቡና በቀጥታ እሷ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"እኔስ አልፈራሽም። ሰው ይጠየቃል እንጂ ይሸሻል እንዴ፣ የኔ ልጅ?"

"ይኑሩልኝ፣ እትዬ።" ጣቶቿ ሳሙናው ውስጥ ተፍታቱ።

"ደብዳቤ ትቶ ነበር?"

ጣቶቿ ቆሙ።

"አልተወም።"

"አንድ ነገርማ ብለሽዋል። ወንድ ልጅ እንዲሁ አይጨክንም። ያን ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር?"

"ካልሲው ጠፍቶበት ስንስቅ ነበር።"

"ኧረ ተይ! ለኔ እንኳን?"

ስድስት ቀን ዓይናቸውን የነፈጓት ሁሉ አሁን ጆሯቸውን ለገሷት።

ፀጉራቸውን አጥባ፣ ጠቅልላ ስትጨርስ የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ ሳበችው። ገመዱ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም "ሳትነቅሉ አታጽዱ! እናንተን ነው!" የሚል የባሏ ጽሑፍ አለ።

"ይሄ እሱ የጠገነው አይደለም?" አሉ ሴትዮዋ ከወንበሩ ብድግ ብለው። "ወዲያ በይልኝ! የሱ እጅ የነካውን ራሴ ላይ?"

"ሌላ አምጪላቸው" አለች አሠሪዋ ፈጠን ብላ። "ይሄንንማ ዛሬውኑ አስጥለዋለሁ።"

አሠሪዋ የባሏን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣች፤ ያነሣችውም ልትጥለው ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሶኬቱን ሰካች።

"እትዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረቀዎት ይሄ ነው። ዛሬም የማደርቅዎት በዚሁ ነው።"

"እምቢ ብልስ?"

"ፀጉርዎ እንደረጠበ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ይሄዳሉ።"

ከወረፋው አንዷ ሳቋ አመለጣት።

"ወንበርሽን አስቢ" አለች አሠሪዋ።

"አስቤዋለሁ" አለችና ማብሪያውን ተጫነችው።