የማይረጋው ሚኒሞ

ሞተሩ ሲነሳ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ባንዴ ጸጥ አለ።

ማንም ነዳጅ ሳይረግጥ መኪናዋ ራሷ ታጓራለች፤ ልትጠፋ እስክትቃረብ ትወርድና መልሳ ታጓራለች። ሴቶቹ ከተቀመጡበት ክፍል ለቅሶ ፈነዳ። በጅማው አወቱ መንደራ ሰፈር ያ ድምፅ የአንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰፈሩ አባቦራ ወደ ቤቱ መግባቱን የሚያውቀው በእሱ ነው። አባቦራ ደግሞ ትናንት ተቀብሯል።

"ማሂራ! አጥፊው እንጂ!" አለች አክስቷ ነጅላ ከደጃፉ። "እናትሽን ልትገድያት ነው?"

ማሂራ ቁልፉን መለሰችው። ክፉ አስባ አልነበረም። ነገ ለዱዓ ብዙ ሰው ስለሚመጣ ሁለተኛ ድንኳን ይተከላል፤ ያቺ ባለሁለት በር ሰማያዊ የስፖርት መኪና ግን የግቢውን እኩሌታ ይዛዋለች። ልታወጣት ነበር የገባችው። አሁን እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ሌላ ነገር ያዛት። ይቺ መኪና ምን ሆና ነው እስከ ዛሬ ያልዳነችው?

ከአባቷ ከአባቦራ ጋር በጅማው መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከያዘች ዓመታት አልፈዋል። አባቦራ የሌላውን ሰው መኪና ችግር በስልክ ሰምቶ ጉድለቱን የሚናገር ሰው ነበር። የገዛ መኪናውን ግን ሐሙስ ሐሙስ አጋሮ ድረስ እየነዳ "መካኒክ ጋ" ይወስዳታል። ማታ ሲመለስ፣ "አባ፣ ዛሬስ ዳነች?" ትለዋለች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሏታል" ይላል። በሳምንቱ ያው ናት።

አንድ ጊዜ፣ "እስቲ እኔ ልያት" ብትለው ካቻቪቴዋን ከእጇ ወሰደባት። "ያቺን ተያት። የአጋሮ ሰው ያውቅባታል።"

ማሂራ ወረደችና ኮፈኑን ከፈተች። ድንኳኑ ሥር ያሉት ወንዶች እርስ በርሳቸው ሲንሾካሾኩ ይሰማታል። የአባቷ የሱቅ ጎረቤት፣ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ዓለምብርሃን፣ ቡና የያዘ ስኒያቸውን እንደጨበጡ መጡ።

"የኔ ልጅ፣ ዛሬ ባይሆንስ?"

"ዝም ብዬ ስቀመጥ ይብስብኛል፣ ጋሼ። ሰው እስኪሄድ ጠብቄ ነው የማስነሳት።"

ከዙህር ሶላት በኋላ ሰው ሲሳሳ እናቷን አፊፋን አስፈቅዳ ሞተሩን አስነሳችው። ጆሮዋን አስጠጋች። ከጩኸቱ በታች ቀጭን ፉጨት አለ። ሞተሩ አየር እየሰረቀ ነው ማለት ነው። ፉጨቱን በጣቷ ተከትላ አንዲት የጎማ ቱቦ ጋ ደረሰች። ቱቦዋ አዲስ ናት፤ አልተሰነጠቀችም። የምታስራት የብረት ቀለበት፣ ፋሸታዋ፣ ግን ላልታ ቱቦዋ በግማሽ ወጥታለች። መኪና ሲንቀጠቀጥ ፋሸታ ሊላላ ይችላል፤ ይሄን ያህል ግን አይላላም። ብሎኑ ጭንቅላት ላይ ደግሞ ሰፊ ካቻቪቴ በጠባብ ቦታ የተወው ጭረት ተደራርቧል። ያን ካቻቪቴ ታውቀዋለች። ከአባቷ ኪስ አይለይም ነበር።

"አባ ራሱ ነው የሚያላላው" አለች።

"ምን አልሽ?" አሉ ጋሽ ዓለምብርሃን።

ማሂራ ፋሸታውን አጠበቀች። ፉጨቱ ጠፋ፤ ሞተሩ ግን አሁንም ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቀለል ባለ መልኩ። ሁለተኛ ጉድለት አለ። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚቆይበትን ልክ፣ ሚኒሞውን፣ የምትወስነውን ብሎን ፈለገች። ከመጠን በላይ ገብታለች። እንዳትነቃነቅም በቀይ ቀለም ጠብታ ታትማለች።

ማሂራ ያን ቀይ ጠብታ ስታይ እጇ ቆመ። ከአጋሮ የሚመጡ ደንበኞች ወደ እነማሂራ ሱቅ ይዘውት የሚገቡት ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ "ኡመይር ያሰረው ነው" ይላሉ። አባቷ ዕቃውን ተቀብሎ ቀለሙን በአውራ ጣቱ ይዳስሰውና፣ "ጥሩ አድርጎ አስሮታል" ብሎ ይመልሳል። ሌላ ቃል አይጨምርም።

አጋሮ ጋራዥ ያላቸው ኡመይር የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ በኦሮምኛ "አቤራ" ትላቸዋለች፣ አጎቴ ለማለት። ትናንት ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው ሰግደው፣ ቤት ሳይደርሱ ነው የተመለሱት።

"ጋሼ፣ አባና አቤራ ኡመይር በምን ነበር የተጣሉት?"

ጋሽ ዓለምብርሃን ስኒያቸውን አዟዟሩ። "በእናታቸው ነው። አጋሮ ቤታቸው ሲታመሙ አባትሽ 'ጅማ ሐኪም ቤት ካልወሰድኳት' አለ። ኡመይር ደግሞ 'ቤቴ ልሙት ብላለች፣ አትንካት' አለ። አባትሽ ወሰዳቸው። መንገድ ላይ ዐረፉ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያን ቀን ሁለቱም ማሉ። ወላሂ የቤትህን ደጃፍ አልረግጥም ተባባሉ።"

"ጋራዥ የቤት ደጃፍ አይደለም" አለች ማሂራ፣ ለራሷ ያህል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ነጅላ "የለቅሶ ቤት ጥለሽ!" እያለች ስትጮህባት፣ እናቷ ግን "ዲሲ፣ ተያት ትሂድ" ስትል፣ መኪናዋን ይዛ ወጣች። መንገድ ዳር ቡና በአልጋ አልጋ ለፀሐይ ተሰጥቷል። አጋሮ መግቢያ ላይ ጋሪ አስቁሟት መኪናዋ በቆመችበት ሞተሩ ማጓራት ጀመረ። ጋራዡ ከመታጠፊያው ባሻገር ነው። ስትታጠፍ ኡመይር በዘይት የረጠበ ጨርቅ እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው፤ ድምፁን ሰምተው ወጥተዋል። ከመሪው ኋላ ያለውን ሰው እስኪለዩ ድረስ ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ማሂራ ማየት አልፈለገችም።

"አንቺ ነሽ" አሉ በመጨረሻ። "ለካ አንቺ ነሽ።"

"አቤራ፣ ቱቦውን አባ እንደሚያላላው ያውቁ ነበር?"

"ጭረቱን አላይም እንዴ?"

"ታዲያ ለምን አልነገሩትም?"

"ብነግረው በምን ሰበብ ይመጣል?"

"የሚኒሞዋ ብሎንስ? ቀለሙ የእርስዎ ነው።"

ኡመይር ፈገግ ሊሉ ሞክረው አልሆነላቸውም። "ፋሸታውን ሳያላላ የሚረሳበት ሳምንት ቢኖርስ ብዬ ነው" አሉ።

ማሂራ ኮፈኑን ተደገፈች። "ምን ታወሩ ነበር?"

"ስለ ሚኒሞ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ አላወራንም።" ጨርቁን አጣጠፉ፣ ፈቱ። "ሱቅ የገባሽ ጊዜ፣ 'ካንዴላ አይታ የሞተሩን ጤና የምትናገር ልጅ አለችኝ' አለ። እሱንም ያለው ሞተሩን እያየ ነው።"

"ዱዓው ዛሬ ነው። ይምጡ።"

"መሐላ አለብኝ።"

"መሐላ ከፋራ አለው፣ አቤራ። ድሃ ይበላል፣ ይፈታል።"

"ይሄን ሁለታችንም እናውቅ ነበር" አሉ ኡመይር። "ማን ቀድሞ ያብላ ነው ነገሩ።" ጨርቁን አስቀመጡና፣ "አፊፋ ምን ትላለች?" አሉ።

"መንገዱን የለቀቀችልኝ እሷ ናት።"

ኡመይር ካቻቪቴ አነሱ። ቀዩን ቀለም ፍቀው ብሎኗን ትንሽ ትንሽ እያሉ መለሷት፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ማጓራቱ አጠረ፣ ደከመ፣ ቆመ። ሞተሩ ዝግ ባለ አንድ ድምፅ ላይ ተኛ። ማሂራ ያቺ መኪና እንዲህ ስትተነፍስ ሰምታ አታውቅም። ኡመይር ኮፈኑን ቀስ ብለው ዘጉት፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ቆፍያቸውን አደረጉ።

"ቁልፉን ስጪኝ፤ ወደ ዱዓው እኔ ልንዳት።"

ከመሪው ኋላ ሲገቡ እግራቸው ፍሪሲዮኑ ጋ በጣቶቻቸው ጫፍ ብቻ ደረሰ። አባቦራ ረጅም ነበር፤ ኡመይር አጭር ናቸው። ማሂራ ቁመቷ የአባቷ ስለሆነ እስከዚህ ስትመጣ እሱ የተወውን ወንበር መንካት አላስፈለጋትም።

"ከሥር ማንሻ አለው፣ አቤራ። ወደ ፊት ይሳቡት።"

"አውቃለሁ" አሉ።

ማንሻውን አልነኩትም። ጀርባቸውን ከመደገፊያው አላቀው ወደ ወንበሩ ጫፍ ተሳቡ፣ እግራቸውን እስኪችሉ ዘረጉ፣ ማርሽ አስገቡ።