አምስተኛው ሳህን

ሊፍት ጠጋኙ በሚስቱ አባት ላይ ቂም የያዘው በአንዲት ቃል ምክንያት ነው፤ «ይጠጣል» በምትባል።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በኩሽናው ውስጥ ቢራ ሲጠምቅ ኖሯል። ብቅሉን በትልቁ ድስት ይዘፈዝፋል፣ ያፈላል፣ ያቀዘቅዛል፣ እርሾ ይጨምራል፣ ከዚያ በርሜሉን ከድኖ ሁለት ሳምንት እንደ አራስ ይንከባከበዋል። ጠርሙስ ገብቶ ሲደርስ የመጀመሪያው ብርጭቆ ለአማቱ ይቀዳል። ሽማግሌው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳሉ፣ ያሸታሉ፣ አንዴ ይጎነጫሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቤተሰቡ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። «ይጠጣል» ይላሉ። በቃ። ውኃም እኮ ይጠጣል። የሳል ሽሮፕም ይጠጣል።

ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰው ነበር። ሽማግሌው ግን ተራ ሰው አይደሉም። ሠላሳ ሁለት ዓመት በሳሙና ፋብሪካ ሽታ መርማሪ ነበሩ፤ በእሳቸው አፍንጫ ሥር ሳታልፍ አንዲት ሳሙና ከግቢው አትወጣም ነበር። ሠራተኛው «አፍንጫው» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ስሙም አብሯቸው ወጣ። እንደሚወራው ከሆነ አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ በኮሪደር ሲያልፍ ብቻ አሽትተውት፣ ትናንት የት እንዳመሸ ነግረውታል፤ ያውም ሚስቱ አጠገቡ ቆማ። ሊፍት ጠጋኙ ራሱ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ ልጃቸውን ሊጠይቅ የመጣ ቀን ገና ወንበር ሳይዝ «ግሪስ» ብለውታል። ሦስት ጊዜ ታጥቦ ነበር የመጣው።

ዘንድሮ ሽማግሌው ሰባ ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ተኩል ሲቀራቸው ሊፍት ጠጋኙ ቆረጠ። ለልደታቸው ፔል ኤል ይጠምቃል፤ ያንን ወርቅማ፣ መረር የሚል፣ ጠረኑ ከብርጭቆው ቀድሞ የሚመጣውን ቢራ። ይህ ቢራ ከሽማግሌው አፍ ሌላ ቃል ማውጣት አለበት፤ ካላወጣ ድስቱን ለሾርባ ይሰጠዋል፣ ለራሱ ምሏል። ለቢራው ምሬትና ጠረን የሚሰጠው ሆፕ የሚባል አበባ ነው፤ ደርቆና ተፈጭቶ፣ እንደ እንክብል ተጨምቆ፣ በብርማ ከረጢት ይሸጣል። እስከ ዛሬ አንድ ዓይነት ሆፕ ይዞ ንቅንቅ አይልም ነበር። አሁን ግን ወደ ባለሱቋ ሄዶ ሰምቷቸው እንኳ የማያውቃቸውን አራት ዓይነቶች ይዞ መጣ። ሁለቱ ገና ስም አልወጣላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው የተለጠፈባቸው። ስለ አንደኛው ባለሱቋን ሲጠይቃት፣ አንዳንዱ ደንበኛ ኮክ ይሸታል እንደሚል፣ ሌላው ደግሞ የሽንኩርት መጋዘን ነው ብሎ እንደመለሰላት ነገረችው።

ተንኮሉን ለሚስቱ አጫወታት። ምርጫውን ለራሳቸው ለሽማግሌው ይሰጣል። በገዛ አፍንጫቸው የመረጡትን ሆፕ በኋላ በየት በኩል አድርገው ያጣጥሉታል? ሚስቱ አባቷን ስለምታውቅ ሳቀችበት። ከዚያ የጥንቸሏን ሳጥን ላጽዳ ብላ ተነሳች። ጥንቸሏ የባልና ሚስቱ ልጅ አልቅሳ ያስገዛቻት፣ ዛሬ ከእናትየው በቀር አስታዋሽ የሌላት፣ በኩሽናው ጥግ የምትኖር ፍጥረት ናት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሽማግሌው ሲመጡ እንክብሎቹ በየትንንሽ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ሊፍት ጠጋኙ እጁን እስኪቀላ ታጥቧል፤ የግሪሱን ነገር አልረሳም። ኮታቸውን ተቀበለ፣ ወንበር ሳበላቸው፣ ደብተርና እርሳስ ይዞ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ከመጨነቁ የተነሳ ሳህኖቹን ዳግመኛ አላያቸውም።

ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከመጀመሪያው ሳህን ሁለት እንክብል አንስተው በመዳፋቸው መሃል ፈተጉ፣ አፍንጫቸውንም መዳፋቸው ውስጥ ከተቱ። እጃቸውን በፎጣ ጠርገው ወደ ሁለተኛው አለፉ። ሦስተኛው ላይ ግራ ቅንድባቸው ተነሳ፤ ሊፍት ጠጋኙ «ቅንድብ» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። አራተኛውን ሁለት ጊዜ አሸተቱ። አምስተኛውን ሲፈትጉ ግን አንዴ ቀና ብለው አዩትና ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ።

«ይሄ» አሉ። «ሌሎቹ ይለፈልፋሉ። ይሄ ጥልቀት አለው።»

ሊፍት ጠጋኙ በደስታ እርሳሱን ወረወረ። ከእኚህ ሰው አፍ «ጥልቀት» የሚል ቃል ወጣ። የተመረጠውን ከረጢት ሊያመጣ ወደ ቁም ሳጥኑ በረረ። ከረጢቶቹ አራት ናቸው። እንደገና ቆጠራቸው፤ አሁንም አራት። ወደ ጠረጴዛው ዞሮ ሲያይ ሳህኖቹ አምስት ሆኑበት። አምስተኛው ሳህን ጠርዙ ላይ ተሸርፏል። የተሸረፈው ሳህን የጥንቸሏ ነው።

ሳህኖቹ ከተደረደሩ በኋላ ሚስቱ የጥንቸሏን ሳጥን ስታጸዳ ከእግሯ ሥር አንስታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጣው ረስታዋለች። የጥንቸል መኖና የሆፕ እንክብል በመልክ መንታ ናቸው፤ ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ድርቅ ያሉ፣ ሁለቱም ጥፍር የማያክሉ። ጠረናቸው ግን አይገናኝም። ሆፕ ከረጢቱ ሲከፈት ለጎረቤት ይደርሳል። የጥንቸል መኖ የሚሸተው ደረቅ ሣር ነው፤ ይህን ለመለየት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳሙና ማሽተት አያስፈልግም።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሰማው እርካታ ነው። ታላቁ አፍንጫ የጥንቸል ምሳ መረጠ! በልደቱ ቀን ዘመድ ሁሉ ባለበት ብድግ ብሎ እንዴት እንደሚያወራው፣ የት ላይ ቆም እንደሚል ሳይቀር አሰበ። ቀና ሲል ግን ሽማግሌው ትክ ብለው ሲያዩት አገኛቸው። ዓይናቸው ከእሱ ፊት ወደ ተሸረፈው ሳህን፣ ከሳህኑ ወደ ጥጉ ሄደ።

«ምንድን ነው?» አሉት።

«የጥንቸሏ መኖ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ሲቀራቸው፣ ብርቱ ጉንፋን ያዛቸው። ጉንፋኑ ሲሄድ ሽታን ጠቅልሎ ይዞባቸው ሄደ። ዳቦ፣ ዝናብ፣ የልጃቸው ፀጉር፣ ምንም የለም፤ ምላሳቸው መራራና ጣፋጭ ከመለየት አያልፍም። እነዚያን አምስት ወራት ሳሙናውን ሳይሆን የረዳታቸውን ፊት እያዩ «ይውጣ» ብለው ፈረሙ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። አፍንጫው የተባለ ሰው ምን ብሎ ይናገራል?

«ዛሬም ያየሁት ፊትህን ነው» አሉ። «አምስተኛው ላይ ትንፋሽህን ይዘህ ነበር። የምትወደው እሱን መሰለኝ።»

ሊፍት ጠጋኙ አንጀቱን በሉት። ያዘጋጀው ወሬ ሁሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ቢሆንም የአሥራ አንድ ዓመት ቂም በአንዴ አይለቅምና ጠየቃቸው።

«ታዲያ ሁልጊዜ ‹ይጠጣል› ከሚሉኝ፣ አንድ ቀን ‹ግሩም ነው› ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎት ነበር?»

ሽማግሌው ተገረሙ። «ግሩም መሆኑን በምን አውቄ? የማላውቀውን መፈረም ፋብሪካው ውስጥ ይበቃኛል፤ ልጄ ቤት መጥቼ ከዛሬ በቀር ዋሽቼ አላውቅም። መጠጣቱን ግን አውቃለሁ፤ ጠጥቼዋለሁ።»

ሊፍት ጠጋኙ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ሳህን ሁለት እንክብል አንስቶ ፈተገ፣ አሸተተ፣ ጥሩ ይሸታል አለ። ሽማግሌው ተቆጡ። ጥሩ የሚባል ሽታ የለም አሉት። ፍሬ ነው ወይስ እንጨት? ፍሬ ከሆነ ልጣጩ ነው ወይስ ሥጋው? የበሰለ ነው ወይስ ሊበላሽ የቀረበ? እንዲህ አፋጥጦ የጠየቀው ሰው በሕይወቱ የለም፤ የትራፊክ ፖሊስም ይሻላል። እያላበው መለሰ። የመጀመሪያው ሲላጥ ጥፍር ሥር የሚገባ ብርቱካን ነው። ሁለተኛው ያለ ምንም ክርክር የሽንኩርት መጋዘን ነው። ሦስተኛው ዝናብ የመታው ጣውላ፣ አራተኛው አሁን የተቆረጠ ሐብሐብ፣ ከኋላው ትንሽ አዲስ ላስቲክ ነው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈረዱ። ጣውላው ድስቱ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይግባ፣ ሐብሐቡ ቢራው ተብላልቶ ሲጨርስ፣ ላስቲኩ ያን ጊዜ ይጠፋል አሉ። ብርቱካኗ ትቅር፣ ወሬ ታበዛለች።

ሚስቱ ገብታ እንዴት እየሆናችሁ ነው አለች። ባልሽ አፍንጫ የለውም፣ ግን ይማራል አሏት። ወጥታ ስትሄድ ደግሞ፣ ይህ ወሬ ከኩሽናው ቢወጣ ለገዛ አማቱ የጥንቸል መኖ እንዳቀረበ ለእንግዶቹ ሁሉ እንደሚናገሩ አስጠነቀቁት።

የልደቱ ቀን ቤቱ ሞላ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ተቀዳ፤ ሽማግሌው ወደ ብርሃኑ አነሱት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሊፍት ጠጋኙ ጠርሙሱን እንደያዘ ከወንበራቸው ኋላ ጎንበስ አለ።

«ሐብሐብ» አለ በጆሯቸው። «ከሥሩ እርጥብ ጣውላ። ላስቲኩ ጠፍቷል።»

ሽማግሌው አንዴ ጎነጩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘመድ አዝማድ ትንፋሹን ዋጠ።

«ይጠጣል» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የሚስቱ ወንድም ሊያጽናናው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሽማግሌው ግን ብርጭቆውን አላስቀመጡም። እስከ ጭላጩ ጠጡት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አድርገውት አያውቁም። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ወደ ኋላ ዘረጉለት።

«ድገመኝ» አሉ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ። «ቀስ ብለህ ቅዳ፤ እየቀዳህም ንገረኝ።»