ቀይ የጻፈው ድንጋይ

«አንቺ እዚያ ተቀመጪ» አለቻት አማቷ ፈሪሃ፣ በአገጯ የበሩን ጥግ እያሳየች።

ዙልፋ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ በሩ ጋ ተቀመጠች። ባሏ ጁነይድ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። የቀወት ቆላ ፀሐይ በበሩ ገብታ ጉልበቷን ትጠብሳታለች። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ለማሳለፍ ትሰበሰባለች፤ «ሰብር ይስጥሽ» የሚላት ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው እሷን ተሻግሮ ወደ እናትየው ያልፋል።

ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ያወራሉ።

«ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ድንጋይ መልቀም ነው።»

«ልጁስ ምን አጠፋ? ማሽላውን ትቶ ገደል የገባው እሷን ብሎ ነው።»

ፈሪሃ ሰምታለች። ዝም በሉ አላለችም።

  ያንን ቤት ጸጥ የሚያሰኝ አንድ ቃል ከትናንት ጀምሮ በዙልፋ አፍ ውስጥ ነበር።

ዙልፋ የአሊዩ አምባ ልጅ ናት። ጂኦሎጂ ተምራ ሥራ ብታጣ ጁነይድን አግብታ ቀወት ገባች። አንድ ቀን ከእርሻቸው በላይ ካለው ገደል፣ ነጣ ባለ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነገር አየች። እንደ ሳጥን ስድስት ፊት አለው፤ ማዕዘኖቹ የተላጩ ይመስላሉ። ከጁነይድ ጋር ሊያወጡት ሲታገሉ ተሰበረ።

«ብረት አይደለም እንዴ ይሄ?» አለ ጁነይድ።

ዙልፋ ስባሪ ሲኒ አውጥታ ስብርባሪውን ሸካራው የሲኒ ቂጥ ላይ አሸችው።

«ተራው የብረት ድንጋይ መልኩ ቢጠቁርም እዚህ ላይ ቀይ ነው የሚጽፈው። ይሄ ጥቁር ጻፈ። ማግኔት የሚስበው ዓይነት እንዳይባል ደግሞ ማግኔቴ አልሳበውም።» ስብርባሪውን ወደ ብርሃን አነሳችው። «ቢክስባይት የሚሉት ሳይሆን አይቀርም። የብረትና የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው። በዓለም ላይ የሚገኝበት ቦታ ትንሽ ነው።»

የቀድሞ አስተማሪዋ በስልክ፣ ያልተሰበረ ሌላ ፍሬ ከተቀመጠበት ድንጋይ ጋር ተፈልፍሎ ከመጣ ይረጋገጣል አላት። ከዚያ ወዲያ ጁነይድ ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ያገኘችው ዙልፋ ናት ተብሎ ይጻፋል» ይል ነበር። አብረው ይወጣሉ፤ እሷ ትመርጣለች፣ እሱ ይመታል። ከላይ የተሰነጠቀ አለት ካየች ከሥሩ አታስቆመውም።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ፈሪሃ ከሸዋ ሮቢት ተቆጥታ ተመለሰች።

«ምራትሽ መዶሻ ይዛ ገደል ለገደል ትዞራለች እያሉ ሳቁብኝ! ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ደጅ ንቅንቅ አትዪም!»

ጁነይድ ለእናቱ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። በማግስቱ ብቻውን ወጣ። ዝናብ ሲጠጣ የከረመው ገደል ተናደበት።

በዙልፋ አፍ ውስጥ የነበረው ቃል ይሄው ነው፤ እርስዎ ባይከለክሉኝ ልጅዎ አይሞትም ነበር።

ከቀትር በኋላ ሳልህ ገባ። ጁነይድን ከናዳው ሥር ቆፍሮ ያወጣው ጎረቤታቸው ነው፤ ጣቶቹ አሁንም እንደቆሰሉ ናቸው። ከኪሱ በመሃረብ የተቋጠረ ነገር አወጣ።

«በእጁ ጨብጦት ነበር» አለ፣ ወደ ዙልፋ እየዘረጋ።

ፈሪሃ ተነስታ ከእጁ ነጠቀችው። ቋጠሮውን ፈትታ ድንጋዩን ዙልፋ ጭን ላይ ወረወረችው።

«ንገሪኛ! ልጄን የበላው ብርቅ ይሄ ነው?»

 ዙልፋ ድንጋዩን አገላብጣ አየችው። ከጎኑ አንድ ጥቁር ነገር ያብረቀርቃል። አጠገቧ ያለውን ባዶ ሲኒ ደፍታ ቂጡ ላይ አሸችው። እንደ በርበሬ የቀላ መስመር ወጣ። በሌላ ጠርዙ ደገመችው። ያው ቀይ ነው። ዱቄቱ ጣቷ ላይ ቀረ።

«ምን አለ?» አለች ፈሪሃ።

«ተራ የብረት ድንጋይ ነው፣ እማ።»

ከሴቶቹ አንዷ አፏን በሻሿ ያዘች። ፈሪሃ ድንጋዩን አየች፤ ዙልፋን አየች። ስትናገር ድምጿ የቅድሙ አልነበረም።

«አንቺ አብረሽው ብትኖሪ... ሳይመታው ታውቂው ነበር?»

ያ ቃል ዙልፋ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ታውቀው ነበር። ጥቁሩ ነገር ስስ ቅርፊት እንጂ ሳጥን አይደለም፤ ቆማ ባየችው ትለየው ነበር። ቀና ብላም ስንጥቁን ታይ ነበር። ይህችን ሴት ትጠላታለች፤ አሁንም ትጠላታለች። ሰው ሁሉ አፏን ይጠብቃል። ፈሪሃ ግን ባዶውን መሃረብ በሁለት እጇ ይዛ እንደገና ልትቋጥረው ትሞክር ነበር።

«አይ» አለች ዙልፋ። «በዓይን አይለይም። እኔም ብሆን ምታው እለው ነበር።»

ፈሪሃ አፍጥጣ አየቻት። ያመነቻት አትመስልም። ከዚያ በሩ ጥግ አጠገቧ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ የዙልፋን የእጅ አንጓ ጨምድዳ ያዘች፤ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ፣ ቀዩን ዱቄት ከጣቷ ላይ እስኪያማት ድረስ ትፈትገው ጀመር።

ዙልፋ እጇን አልሳበችም።